ከበሩ የሚሰፋው ቡፌ

ሽማግሌ ሊመጣ ነው በተባለበት እሑድ ጠዋት ያስጨነቀኝ ሊያገባኝ የፈለገው ሰውዬ አልነበረም፤ ቡፌው ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ የቡፌው ነው። ወንበሮቹን እንዴትም አድርጌ ባዞራቸው እንግዳ ፊቱን ወደ እሱ ሳያደርግ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ወንድሜና እህቴ ደግሞ እሱ ባለበት ክፍል ሳይጣሉ አብረው መቀመጥ ካቆሙ ቆይተዋል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ቤታችን ኮልፌ ነው፤ ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ተላላኪም አዟሪም ሆኖ፣ በመጨረሻ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ያገኘ ሰው ነው። ትንሽ ደላ ሲለው ለእናቴ አንድ ነገር ሊያደርግላት አሰበ። ሌላው ባል ወርቅ ይገዛል፤ እሱ ቡፌ አሠራላት። አናጢውን ቤት ድረስ አምጥቶ፣ የዋንዛውን ጣውላ ሳሎኑ ውስጥ አስከምሮ፣ እዚያው አሠራው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ግን ታሪኩን ስንቴ እንደሰማሁት! ቡፌው ግድግዳውን ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ቁመቱ ኮርኒሱ ሥር የደረሰ፣ ላዩ ባለመስታወት፣ ታቹ ባለመሳቢያ ነው። አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ ላይና ታቹ አይነጣጠልም።

በኋላ ልጆች ስንበዛ አባቴ ከፊት ለፊት ሁለት ክፍል ቀጠለ። ያን ጊዜ ሰፊው የሳሎን በር ተደፈነና አሁን ያለው ጠባቡ በር ተከፈተ። ቡፌው አንድ ቀን መውጣት ያምረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በመስታወቱ ውስጥ ረጃጅም ብርጭቆዎች፣ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ሰሃኖች፣ አበባ የተሳለበት የሾርባ ጎድጓዳ ነበሩ። ለትልቅ እንግዳ ናቸው ይባላል። ትልቅ እንግዳ ማን እንደሆነ ግን ታውቆ አያውቅም። የንስሐ አባታችን መጥተው በጣሳ ጠጥተው ሄደዋል። የወንድሜ አማቾች መጥተው ከጎረቤት በተዋስነው ብርጭቆ ጠጥተዋል። ቁልፉ ከእናቴ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። በዓል ሲደርስ ትከፍተውና አንድ በአንድ አውጥታ ትወለውላለች፤ መልሳ ትቆልፋለች። እኛ ሦስታችን ልጆች አጠገቧ ተደርድረን እናያለን፤ መንካት የለም።

ወንድሜ የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ እህቴ ትከተላለች፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ወንድሜ አግብቶ ኮንዶሚኒየም ገባ። እህቴ አግብታ ዘነበወርቅ ወረደች። እኔ አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ሰፈራችን አቅራቢያ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩና እዚያው ቤት ቀረሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔና እናቴ ብቻ ሆንን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏል፤ ምላሷም ተሳስሯል። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ንግግሯ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ እግርና እጇ ግን እንደዚያው ቀሩ። ማን ያስታምማት ተብሎ አልተመከረም። እህቴ "አንቺማ እዚያው ነሽ" አለች፤ ወንድሜም "አዎ፣ እሷማ እዚያው ናት" አለ፤ በዚሁ አለቀ።

እናቴ አልጋዬን ሳሎን አውጡልኝ አለች። ከቡፌው ትይዩ አደረግንላት። ጠዋት አገላብጬ፣ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ለጎረቤታችን ለአንዲት ደግ ሴትዮ አደራ ብዬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስ ያንኑ እደግማለሁ። ወንድሜና እህቴ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር፤ የተለያየ ቀን። አንዳቸው ሲመጡ እናቴ "እስቲ ሱቅ ብቅ በይና ለስላሳ አምጪለት" ትለኛለች። ይዤ ስመለስ የመጣው ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ደህናውን እጇን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ። እህቴም እንዲሁ። እኔ ስገባ ወሬው ይቋረጣል።

አንዳንዴ ይከፋኝ ነበር። ከእነሱ ጋር የምታወራው ነገር ከእኔ ጋር አልነበራትም። እኔና እሷ የምናወራው ስለ መድኃኒትና ስለ አንሶላ ነው። "ወደዚያ አዙሪኝ።" "አሁን ወደዚህ።" "ውሃው ቀዝቅዟል።" ይኸው ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቡፌው መልሳ ዝም።

በመጨረሻ አረፈች። ሊከፍኗት ሲሉ ቁልፉን ከአንገቷ ያወጣችው እህቴ ነበረች። ያን ጊዜ ይህን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም።

ሙት ዓመቷን ካወጣን በኋላ ሦስታችን ዕቃ ልንካፈል ተቀመጥን። ቀሚሶቿን ለዘመድ፣ ድስቶቹን ለእኔ፣ የአንገቷን ወርቅ ለእህቴ፣ የአባቴን ካፖርት ለወንድሜ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሁሉም አልቆ ቡፌው ሲቀር ወንድሜ ሰዓቱን አየ፤ እህቴ ነጠላዋን አጣፋች። "እሱ ሌላ ቀን" ተባባሉና ወጡ።

በማግሥቱ ወንድሜ ትምህርት ቤት በር ድረስ መጣ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

"እንዳልደብቅሽ ብዬ ነው" አለኝ። "ቡፌውን እማዬ ለእኔ ሰጥታኛለች። እጄን ይዛ፣ 'አንተን ሳይ ነው ልቤ የሚረጋው፤ ቡፌው ያንተ ነው፤ ለእህቶችህ ግን እንዳትነግር፣ ይከፋቸዋል' ብላኛለች።"

ይህን ሲናገር ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ጢሙ የሸበተው፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። "እሺ ጋሼ" አልኩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች። "ስሚ፣ ለወንድማችን እንዳትነግሪ" ብላ ጀመረች። "እማዬ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ 'አንቺን ሳይ ነው ልቤ የሚረጋው፤ ቡፌው ያንቺ ነው፤ ለወንድምሽና ለእህትሽ ግን እንዳትነግሪ፣ ይከፋቸዋል' አለችኝ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መንገድ ዳር ቆምኩ። ቃሉ አንድ ነው። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ለእያንዳንዳቸው ለብቻ፣ እኔን ሱቅ ልካ፣ ይህንኑ ነበር የምትላቸው። አልጋ ላይ የተኛች ሴት ልጆቿ እንዳይቀሩባት ያገኘችው ገመድ ያ ነበር። ገመዱም ሠርቷል፤ አንድም ሳምንት ቀርተው አያውቁም።

ለሁለቱም አልነገርኩም። እናቴን ከሞተች በኋላ ውሸታም ላደርጋት አልደፈርኩም። ደግሞም ልጆቿ የሚያለቅሱበትን አንድ ቃል ከእጃቸው መንጠቅ ከበደኝ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ቀላል መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እያንዳንዳቸው ሌላው እንደሚፈልገው አወቁ። ወንድሜ ሜትር ይዞ መጥቶ በሩን ለካ፤ ቡፌው ከበሩ ይሰፋል። ግድግዳው ይፍረስ እንዳይል የቤቱ ግድግዳ የሦስታችን ነው፤ እህቴ እሺ አትልም። ይፈታ እንዳይባል በሙጫና በምስማር የተያያዘ ነው፤ ሲፈታ ቢሰበር ማን ይጠየቃል? አንድ ቀን እህቴ አናጢ ላከች፤ ወንድሜ ሰምቶ ከሥራው በሮ መጣና ሰውዬውን ከነመዶሻው መለሰው። በዚያው ቀን የውጭውን በር ቁልፍ አስቀየረ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፤ አንዱን ኪሱ ከተተ።

"ማንም መጥቶ ቢነካው የምጠይቀው አንቺን ነው" አለኝ።

እህቴ ደግሞ "የመስታወቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው" አለችኝ። "ሰው ይዞ ከመጣ ወዲያው ደውይልኝ። አንቺ እዚያው አይደለሽ?"

እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ጥበቃ ሆነ። ሐዋሳ ለሥልጠና ስመረጥ ሁለቱም በየፊናቸው "ቤቱንስ ለማን ትተሽ?" አሉኝ፤ ቀረሁ። ከፊት ያሉትን ክፍሎች እንዳላከራይ ወንድሜ ተከራይ አይታመንም አለ። ጓደኞቼን እንዳልጠራ እህቴ ሰው እንዳይበዛበት አለች። እህቴ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ሰላም ካለችኝ በኋላ "እስቲ ካሜራውን አዙሪልኝ" ትላለች። አዞርላታለሁ። ቡፌውን ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። "እሺ፣ ደህና ዋይ" ብላ ትዘጋለች። የእኔን ፊት አይታ "ከስተሻል" ወይም "ወፍረሻል" ካለችኝ ስንት ጊዜዋ!

ሊያገባኝ የፈለገውን ሰውዬ ያገኘሁት በዚያ ወቅት ነው። 18 ማዞሪያ ላይ ቀለምና ምስማር፣ አምፖልና ቧንቧ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ያሳደገ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። አምፖል ልገዛ ገባሁ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሼ ሄድኩ።

"የመምህርት ቤት አምፖል ቶሎ ይቃጠላል መሰለኝ" አለኝ።

"ቤቱ ሽቦው አሮጌ ነው።"

"ሽቦውን መጥቼ ልየዋ።"

"አይ፣ ቤታችን ሰው አይገባም" አልኩት፤ ተናግሬው አፈርኩ። እሱ ግን አልሳቀም። አምፖሉን ሰክቶ ሞከረልኝና መልሶ በካርቶኑ ጠቀለለው። "በሩ ላይ ቆሜ ላየው እችላለሁ" አለኝ።

ሻይ መጠጣት ጀመርን፤ ከሱቁ ማዶ ካለች ትንሽ ቤት። እዚያም ቢሆን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነው። ሲደወል እነሳለሁ። አንድ ቀን ሻዩን ሳልጨርስ ሦስቴ ስነሳ "ሕፃን ልጅ ቤት ትተሽ ነው እንዴ የመጣሽው?" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ስለ ቡፌው የነገርኩት። ይገረማል ብዬ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ነው፤ አልተገረመም።

እንዲህ ነው ሽማግሌ የተላከው። ሁለታችንም ልጆች አልነበርንም፤ ሳይላክም ይቻል ነበር። እሱ ግን "ወንድምሽ ቤት ውስጥ አባት ነው፤ በክብር ይጠየቅ" አለ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ወንድሜና እህቴ ለእኔ ብለው ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ።

ዋናው ሽማግሌ፣ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ቆመው ጀመሩ። "ልንጠይቅ መጥተናል፤ ሳትፈቅዱልን አንቀመጥም።"

"ኧረ ይቀመጡ አባቴ" አለ ወንድሜ። ድምፁ እንደ አባቴ ድምፅ ሆኖ ነበር፤ ደስ አለኝ። ስለ ሰውዬው ጸባይ ተነገረ፤ ስለ እኔም ጥሩ ጥሩው ተነገረ። ወንድሜ "እኛም እህታችን ወግ ማዕረግ እንድታይ እንፈልጋለን" አለ። ልቤ ሊዘል ደረሰ። ቀጠለናም "ያስቸገረን አንድ ነገር ነው፤ እሷ ከወጣች ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?" አለ።

"ቤት በቁልፍ ይጠበቃል ልጄ" አሉት ሽማግሌው።

"ቁልፉማ ያለው እሱ ጋ ነው!" አለች እህቴ።

"የቡፌውስ አንቺ ጋ አይደለም?" አላት ወንድሜ።

"የምን ቡፌ ነው?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ያለውን ቀና ብለው አዩት።

"እማዬ ለእኔ የሰጠችኝ ነው" አለች እህቴ ወደ እሳቸው ዞራ። "ይህች ከወጣች በማግሥቱ ግድግዳ አፍርሶ ይወስደዋል።"

"ለአንቺ? እናቴን በቁሟ ታውቂያት ነበር? ለአንቺ!"

"ልጆች፣ እኛ የመጣነው ለ..."

"ይስሙልኝ አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ! የመጀመሪያ ልጅ እያለ..."

ከዚያ በኋላ ስሜን ያነሳ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ለመሸምገል ሞከሩ፤ ግን ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ የማያውቀውን የውርስ ጠብ ከየት ጀምሮ ይፈታዋል? ቆይተው ቆይተው ዋናው ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። "እኛ ሰው ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አሉ በቀስታ። "ስትስማሙ ላኩብን።" የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። ወንድሜ ሊሸኛቸው ተነሳ፤ እህቴ ቡፌውን ብቻውን ላለመተው እሱ እስኪመለስ ንቅንቅ አላለችም። እኔ የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ወጥቼ "እኔስ?" ማለት አቃተኝ።

በማግሥቱ ሱቁ ሄድኩ። ምስማር እየመዘነ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነግረውታል።

"ከሰው ጋር ብፎካከር ይሻለኝ ነበር" አለ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅሁም። ምስማሩን ለደንበኛው ሰጥቶ ሸኘና ወደ እኔ ዞረ። "እኔ እጠብቃለሁ፤ እሱን አታስቢ። ግን አንቺ ምን እየጠበቅሽ እንደሆነ ንገሪኝ።"

"እስኪስማሙ" ልለው ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ባዶነቱ ተሰማኝ።

በዚያ ሳምንት አሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረው ስለ ጥንታዊ ድራማ ነበር። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ነው። በጥንቶቹ ተውኔቶች ውስጥ አንድ ዘውድ፣ አንድ ቀለበት፣ አንድ ጨርቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ወንድም ከወንድም፣ ባል ከሚስት እንዴት እንደሚለያይ አስረዳለሁ። ዕቃው ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰዎቹ ለሌላ ነገር ምልክት አድርገውት ነው እላለሁ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ያን ቀን ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዕቃውን ትተውት ለምን አይሄዱም?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። "ቢሄዱማ ድራማ አይኖርም" አልኳት። ክፍሉ ይበልጥ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ መልሱ መልስ እንዳልሆነ ገብቷታል። ወደ ሰሌዳው ዞሬ የምጽፈው ጠፋኝና ቀኑን ደግሜ ጻፍኩ።

ወደ ቤት ስወርድ ወስኜ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ስገባ ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ናት። "ካሜራውን አዙሪልኝ" አለች።

"እትዬ" አልኳት፣ "ቅዳሜ እወጣለሁ።"

"የት ነው የምትሄጂው?"

"ላገባ ነው።"

ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበች። ከዚያ "ቡፌውስ?" አለች።

"እዚያው አለ።"

ለወንድሜም ደወልኩ። እሱም ያንኑ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት። "እማዬ ይህን ብታይ!" አለኝ። እህቴም በኋላ መልእክት ስትልክልኝ "እማዬ ይህን ብታይ!" ነበር ያለችው። ከእናቴ ሞት ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር የእኔ ከዳተኝነት ሆነ።

ልብሴን በሻንጣ፣ መጻሕፍቴን በካርቶን አድርጌ ወጣሁ። ድስቶቹን ተውኳቸው። ቁልፌን ለጎረቤታችን ሰጠሁ። ከሰውዬው ጋር የጋብቻ ውል ተፈራርመን፣ ቀራንዮ ባለው ቤቱ ምሳ በላን። የእሱ ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከእኔ ወገን ጎረቤታችን ብቻ መጣች። እናቴን አብራኝ ያገላበጠች ሴት፣ ለወገኔ ሁሉ ብቻዋን እልል አለች። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ።

ቤቱ ምን እንደሆነ ከእሷ ነው የምሰማው። ወንድሜ መጥቶ በውጭው በር ላይ ተጨማሪ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት። እህቴ ሰምታ መጥታ ከሱ አጠገብ የራሷን ጓጉንቸር ጨመረች። አሁን አንዱ ያለ ሌላው መግባት አይችልም። ለመግባት መደዋወል አለባቸው፤ አይደዋወሉም። የሰፈሩ ሰው ሲያልፍ ሁለቱን ጓጉንቸሮች እያየ ይስቃል አለችኝ።

እኔም ነፃ ወጣሁ ማለት አልችልም። ባሌ ደግ ነው፤ ቤቱ ብርሃን አለው። ግን ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ሳላዘው ቁልቁለቱን ይወርዳል። በሩ ጋ ደርሼ፣ ቁልፍ እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ እመለሳለሁ። ስልኬ ሲጠራ ካሜራውን ላዞር እዘጋጃለሁ። ሻይ ስጠጣ ብድግ እላለሁ። ባሌ ሻዩን ይከድንልኛል።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል በር ተንኳኳ። ስከፍት እህቴ ናት፤ ሳትደውል፣ ጃንጥላ ሳትይዝ። የቀራንዮ ጭቃ ጫማዋን ውጦታል። ሰላም እንዳልኳት አድርጋ ገባችና ዙሪያዋን አየች።

"ጎረቤታችን ደውላ ነበር" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ጣራው ያፈሳል። ውሃው የሚወርደው ቡፌው ላይ ነው። ወንድማችን ስልኬን አያነሳም። አንቺ ከለመንሽው ቁልፉን ይዞ ይመጣል።"

ፎጣ ሰጠኋት። ፀጉሯን ማድረቅ ጀመረች። "እትዬ፣ ቆይ፣ ይህን ያህል ምን ያደርግልሻል? ቤትሽ ውስጥ ሁለት ቡፌ አለሽ" አልኳት።

"አታውቂም አንቺ።"

"ምን ነው የማላውቀው?"

"እጄን ይዛ ያለችኝን።" አለቀሰች። "'አንቺን ሳይ ነው ልቤ የሚረጋው' አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ልጅ ሆኜም፣ ሳገባም፣ ስወልድም። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ብቻ።"

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል። እስካሁንም አላውቅም። ግን ደክሞኝ ነበር።

"ለእሱም ብላዋለች" አልኳት።

"ምን?"

"ለጋሼም። ያንኑ ቃል። 'አንተን ሳይ ነው ልቤ የሚረጋው፤ ቡፌው ያንተ ነው፤ ለእህቶችህ እንዳትነግር።' በአንድ ቀን ነው ሁለታችሁም የነገራችሁኝ።"

ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። ፊቷ ትንሽ ልጅ ሆና እናታችን ብርጭቆ ስትወለውል እንደምታይበት ዓይነት ሆነ።

"ታዲያ እኔን በምን ነበር የወደደችኝ?" አለች።

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ወደ እኔ ዞረች።

"ለአንቺስ? ለአንቺ ምን አለችሽ?"

"ምንም አላለችኝም።"

"ምንም?"

"ምንም። እኔማ እዚያው ነበርኩ።"

እህቴ ያን ጊዜ አየችኝ። ፊቴን ማለቴ ነው። እጇን አንስታ ጉንጬ ላይ አደረገችው፤ እጇ እርጥብ ነበር። "ከስተሻል" አለች። እኔም አለቀስኩ፤ እናቴ ስትሞት ያላለቀስኩትን። ባሌ ከሱቅ ተመልሶ በሩን ሊከፍት ሲል ድምፃችንን ሰምቶ መሰለኝ ሳይገባ ተመልሶ ሄደ።

ልትሄድ ስትነሳ እስከ ፌርማታው ሸኘኋት። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀምሮ ነበር። ክንዴን ይዛ ነው የምትሄደው። ታክሲው መጥቶ ረዳቱ "ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!" ሲል ክንዴን አለቀቀችም።

"ለወንድማችን እንዳትነግሪው" አለችኝ።

"ለምን?"

"እሱ አይችለውም። እኔ እንደምንም..." ጨርሳ አልተናገረችም። "እሱ ግን አይችለውም። ለእሱ ብቻ እንደሆነ ይመን።"

"ታዲያ ቡፌውን ተይለትና ይውሰደው።"

ራሷን ነቀነቀች። "ብተወው ይጠይቀኛል፤ ለምን ተውሽ ይለኛል። ምን እለዋለሁ?"

ረዳቱ "እናት፣ ትገቢያለሽ ወይስ?" ብሎ ጮኸ። ገባች። በመስኮቱ ጭጋግ ውስጥ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ታክሲው በጭቃው ላይ እየተንገዳገደ ወረደ።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። ለእንቁጣጣሽ ደውሎ እንኳን አደረሰሽ አለኝ፤ ቀጥሎ "እህትሽ ምን አሰበች? ሐሳቧን አልቀየረችም?" አለኝ። "አላውቅም ጋሼ" አልኩት። ሁለቱ ጓጉንቸሮች በሩ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ባሌ ጣራ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክና ጥቂት ቆርቆሮ ይዞ ሄዶ፣ በጎረቤታችን ግቢ በኩል መሰላል አስደግፎ፣ ጣራውን ከውጭ በኩል ሸፈነው። ውስጥ ግን ማንም አልገባም።